«ምክንያቱም … ስለሆነ ነው»፦ ከእንግሊዝኛ ስለተዋስነው አንድ እርማት

«ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» የሚለው አገላለጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መምሪያዎች ከሚያወግዟቸው አንዱ ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ምክንያቱ … ስለሆነ ነው» ማለት ነው። የሚቀርብበት ክስ ሁለት ነው። አንደኛው የትርጉም ነው፦ «ሪዝን» ምክንያት ከሆነ፣ «ቢኮዝ»ም «በዚህ ምክንያት» ከሆነ፣ ጸሐፊው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሯል። ሁለተኛው የሰዋስው ነው፦ ከ«ኢዝ» በኋላ ስሙን የሚተካከል፣ በ«ዛት» የሚጀምር ሐረግ ይጠበቃል እንጂ በ«ቢኮዝ» የሚመራ ተውሳከ ግሳዊ ሐረግ አይጠበቅም። መድኃኒቱም አጭር ነው፤ «ቢኮዝ»ን አውጥቶ «ዛት»ን ማስገባት።

ይህ እርማት በእንግሊዝኛ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ ግን የምንጽፈውን አማርኛ የምናርመውም በዚያው መምሪያ ዓይን ሆኗል። «ምክንያቱም … ስለ … ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመን ብዙዎቻችን «ድግግሞሽ» ብለን ከኅዳጉ ላይ እንጽፋለን። እኔም ስጽፍ ኖሬአለሁ።

በመጀመሪያ ስለ እንግሊዝኛው ጥቂት ልበል፤ ሕጉ ከምንገምተው ያነሰ ጽናት አለውና። ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የአጠቃቀም መዝገብ አገላለጹን ነቅፎታል፤ ከእርሱ ወዲህ የመጡ መምሪያዎችም ነቀፌታውን እየተቀባበሉ አስተላልፈውታል። የሜሪያም ዌብስተር የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት በ1989 ሲወጣ ግን አገላለጹ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ በታወቁ ጸሐፍት ብዕር ሲሠራበት እንደ ኖረ በምሳሌ አሳይቶ ውግዘቱን አልተቀበለም። የስትራንክና የዋይት ዝነኛ መምሪያ በበኩሉ «ዘ ሪዝን ዋይ ኢዝ ዛት» የሚለውን፣ ማለትም ሌሎቹ ትክክል የሚሉትን፣ በ«ቢኮዝ» ብቻ ተኩት ይላል። እዚህ ላይ አንዱ መምህር የሚያስወጣውን ቃል ሌላው ያስገባዋል። ይህም ሆኖ በእንግሊዝኛ ለሚታተም ጥናት «ዛት»ን መምረጥ ይበጃል እላለሁ፤ አርታኢ የሚያስቆምህ በዚያ ነውና። የእኔ ሙግት ከእንግሊዝኛ ጋር አይደለም።

ወደ አማርኛው ስንመጣ «ምክንያቱም» ምንድን ነው? በቅርጹ «ምክንያት» የሚለው ስም፣ የባለቤትነት «-ኡ» እና «-ም» ናቸው፤ «የእርሱም ምክንያት» እንደ ማለት ነው። በአገልግሎቱ ግን ስምነቱን የተወ ቃል ነው። «አልመጣም፤ ምክንያቱም ታሟል» በሚለው ውስጥ «ምክንያቱም» የማንኛውም ግስ ባለቤት አይደለም፤ የ«ታሟል» ባለቤት ሰውየው ነው። ስም ቢሆን ኖሮ ቅጽል በተቀበለ ነበር፤ ነገር ግን «አልመጣም፤ ዋናው ምክንያቱም ታሟል» የሚል አማርኛ የለም። ስለዚህ «ምክንያቱም» ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ መስተጻምር ሆኗል። ትግርኛ በ«ምኽንያቱ»፣ ኦሮምኛ በ«ሰበብኒ ኢሳ» ተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል፤ ሁለቱም «የእርሱ ምክንያት» ከሚል ስም ተነሥተው ማያያዣ ሆነዋል፤ ሁለቱም ከኋላቸው የየራሳቸውን «ስለ» መሰል ምልክት የያዘ ሐረግ ያስከትላሉ። ሶማልኛ «ማሓ ዬለይ» ሲል ከጥያቄ የተነሣ ማያያዣ ነው የሚጠቀመው፤ «ምን አደረገው?» ብሎ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። በአካባቢያችን ቋንቋዎች ምክንያትን አስቀድሞ አስታውቆ ከዚያ መናገር የተለመደ መሆኑን ለማሳየት ይህ ይበቃል። ግስን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ የምክንያቱን ምልክት ከጥገኛው ግስ ጋር አጣብቆ ስለሚያስቀምጥ፣ አድማጭ አስቀድሞ እንዲያውቅ የሚያደርግ ቃል ከፊት ማግኘቱ አይደንቅም።

«ምክንያቱም» መስተጻምር ከሆነ፣ «አልመጣሁም፤ ምክንያቱም ስለታመምሁ ነው» በሚለው ውስጥ የ«ነው» ባለቤት ማን ነው? የእንግሊዝኛው ሕግ «ምክንያት» ነው ብሎ ያስባል፤ ድግግሞሽ የሚታየውም ለዚህ ነው። ለእኔ ግን ባለቤቱ ያልተነገረው «ያልመጣሁት» ነው። ሙሉው ዓረፍተ ነገር «ያልመጣሁት ስለታመምሁ ነው» ሲሆን፣ በቋንቋ ጥናት ክሌፍት የሚባለው፣ አንዱን የዓረፍተ ነገር ክፍል ለይቶ ከ«ነው» ፊት የሚያቆም አገነባብ ነው። «ያልመጣሁት» ከላይ ስለተነገረ ይቀራል፤ «ምክንያቱም» ደግሞ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያገናኛል። ስለዚህ «ስለ» እና «ምክንያቱም» አንድ ሥራ አይሠሩም፤ አንዱ አያያዥ ነው፣ ሌላው የክሌፍቱ አካል ነው። በእንግሊዝኛ ተመጣጣኙ «ኢት ኢዝ ቢኮዝ» ነው እንጂ «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» አይደለም፤ የመጀመሪያውን ደግሞ ማንም መምሪያ አይነቅፈውም።

የእንግሊዝኛው ሕግ በአማርኛ ቦታ የሚያገኝበት ስፍራ አለ፤ እርሱን መካድ አይገባም። «የመዘግየቴ ዋና ምክንያት መንገዱ ስለተዘጋ ነው» ስንል «ምክንያት» በእርግጥ ስም ነው፤ ቅጽል ይዟል፤ ባለቤትም ነው። እዚህ ላይ «መንገዱ መዘጋቱ ነው» የሚለው በንዑስ አንቀጽ የተሠራው አማርኛ የተሻለ ነው፤ ወይም «የዘገየሁት መንገዱ ስለተዘጋ ነው» ማለት ይቻላል። ይህን አርማለሁ፤ ወደ ፊትም አርማለሁ። ጥፋቱ «ምክንያቱ» እና «ምክንያቱም» አንድ ናቸው ብሎ ሁለቱን በአንድ ብዕር መሰረዝ ላይ ነው።

ይህ የአርታኢ ጥቃቅን ጉዳይ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር፤ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እስክታስተምረኝ ድረስ። ጥናቷ ተናጋሪዎቹ እያነሱ ስለመጡ አንድ የኩሽ ቋንቋ ነበር። በአማርኛ ረቂቋ ውስጥ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «ወጣቶቹ በቋንቋው አይናገሩም፤ ምክንያቱም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሌላ ቋንቋ ስለሚማሩ ነው»። እኔም እንደ ልማዴ «ድግግሞሽ» ብዬ «ስለ»ንና «ነው»ን አስወጣሁ፤ «ምክንያቱም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በሌላ ቋንቋ ይማራሉ» ሆኖ ቀረ። በአሥራ ሁለት ገጾች ውስጥ ይህን የመሰለ እርማት ዘጠኝ ጊዜ አድርጌ ነበር። በመከላከያው ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንሥተው «በሌላ ቋንቋ መማራቸው በቋንቋው አለመናገራቸውን ያረጋግጣል ወይ?» ብለው ጠየቋት። ተማሪዋ ዝም አለች። እርሷ ማስረጃ አላቀረበችም ነበር፤ መንሥኤ ነበር ያቀረበችው። ከስብሰባው ስንወጣ «ዶክተር፣ ይህን እኮ እርስዎ ነዎት የለወጡት» አለችኝ። ረቂቁን አወጣሁና አየሁት፤ እውነቷን ነበር።

ነገሩን በደንብ ለማየት መንሥኤንና ማስረጃን መለየት ያስፈልጋል። ኢቭ ስዊትሰር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ «ቢኮዝ» የሚለው ቃል በሦስት መስኮች እንደሚሠራ አሳይታለች። አንደኛው በነገሮች መካከል ያለ መንሥኤ ነው። ሁለተኛው ተናጋሪው አንድን ነገር ያመነበት ማስረጃ ነው። ሦስተኛው ንግግሩን ራሱን፣ ጥያቄውን ወይም ትእዛዙን፣ ያነሣበት ሰበብ ነው። እንግሊዝኛ ሦስቱንም በአንድ ቃል ይሸፍናል፤ በጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚለያቸው ከ«ቢኮዝ» በፊት የሚገባ ወይም የሚቀር ነጠላ ሰረዝ ነው።

አማርኛስ? «መብራቱ ስለበራ ተነሣ» መንሥኤ ነው፤ መብራቱ አስነሥቶታል። «ቤት ውስጥ አለ፤ ምክንያቱም መብራቱ በርቷል» ማስረጃ ነው፤ መብራቱ ሰውየውን ቤት ውስጥ አላስቀመጠውም፣ እኔ ግን ከመብራቱ ተነሥቼ መኖሩን ገመትሁ። አሁን ሁለተኛውን ወደ ክሌፍት እንለውጠው፦ «ቤት ውስጥ ያለው መብራቱ ስለበራ ነው»። አንባቢው ሰውየው መብራት እየጠበቀ ቤት የተቀመጠ መስሎ ይታየዋል። «ስለ … ነው» መንሥኤን ብቻ ይቀበላል፤ በግልጽ ግስ የሚያልቀው ግን መንሥኤንም ማስረጃንም ይሸከማል። ስለዚህ በተማሪዋ ጽሑፍ ላይ ያደረግሁት ድግግሞሽ ማስወገድ አልነበረም፤ ጠባብና ትክክል የነበረውን አባባል አስፍቼ አሻሚ ማድረግ ነበር።

በአፍ ንግግር «ቤት አለ፤ ምክንያቱም መብራቱ ስለበራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ባልደረቦቼን ስጠይቅ ግማሾቹ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ ግማሾቹ ምንም አልታያቸውም። የምናገረው ስለ ጥንቁቅ የጽሑፍ አማርኛ ነው፤ በዚያም ቢሆን ልዩነቱ ሕግ ሳይሆን ዝንባሌ ነው ለሚለኝ አልከራከርም። ዝንባሌም ቢሆን ግን አርታኢ ሊያጠፋው አይገባም።

ሦስተኛውን መስክ፣ የንግግር ሰበብን፣ አማርኛ ከጥንት ጀምሮ የያዘው በ«-ና» ነው። «ዝናብ መጥቷልና ግባ» ስል የመግባትህን መንሥኤ አልተናገርሁም፤ «ግባ» ያልሁበትን ነገር ገለጽሁ እንጂ። «ዝናብ ስለመጣ ግባ» ይባላል፤ ጆሮ ግን የመጀመሪያውን ይወዳል። የግእዝ «እስመ» በሐረጉ ራስ ላይ ሲቆም፣ በአማርኛ ትርጓሜ ብዙ ጊዜ በግሱ ጭራ ላይ «-ና» ሆኖ ይገኛል፤ ይህንንም የቤተ ክርስቲያን ንባብ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ በጥናታዊ ጽሑፋችን «-ና» ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ ቦታውን «ምክንያቱም» ወስዶታል። እንግሊዝኛን እያሰብን በአማርኛ ስለምንጽፍ ይመስለኛል፤ «ቢኮዝ» ከዋናው ሐረግ በኋላ ስለሚመጣ እኛም ከኋላ የሚመጣ ቃል ፈለግን። ከ«-ና» ጋር አብሮ የጠፋው ለማመኻኘት ሳይሆን ለማሳመን የሚናገር ድምፅ ነው።

«ማመኻኘት» ካልሁ አይቀር፣ የቃሉን ታሪክ በጨረፍታ ማየት አይከፋም። አማርኛ «ምክንያት»ን ለመንሥኤም ለማሳበቢያም ይጠቀምበታል፤ «ምክንያት አታብዛ» ሲባል የተጠላው መንሥኤ አይደለም። ከዚያው የወጣው «አመካኘ» ወደ ማሳበቢያው ብቻ አዘንብሏል። ከዐረብኛ የመጣው «ሰበብ»ም በዐረብኛ ተራ መንሥኤ ሲሆን በአማርኛ ይበልጡን የማሳበቢያ ስም ሆኗል። ስዋሂሊ ግን ያንኑ ቃል ንጹሕ አድርጎ ይዞታል፤ «ኳ ሳባቡ» ሲል ማንንም አይጠረጥርም። ምክንያት የሚሰጥ ሰው በአማርኛ ትንሽ ተጠርጣሪ ነው። «ስለ» ግን ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ ነው፤ «ስለ ማርያም» ብሎ የሚለምን ሰው ሰበብ አይፈጥርም። ምናልባት ጸሐፊዎቻችን «ምክንያቱም» ብለው ጀምረው በ«ስለ» የሚያስሩት በከፊል ለዚህ ይሆናል፤ ይህን ግን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ማስረጃ አላቀርበውም።

መንሥኤና ማስረጃ ሲቀላቀሉ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የእኛው የሙያ መስክ ነው። በአካባቢያችን የቋንቋ ጥናት ውስጥ ደጋግሞ የሚነገር አንድ አባባል ልውሰድ። «አማርኛ ግሱን በመጨረሻ የሚያስቀምጠው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን ስለኖረ ነው» ቢባል መንሥኤ ተነግሯል፤ ላእስላው እ.ኤ.አ. በ1945 በኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ላይ ስላለው የኩሽ ተጽዕኖ የጻፈው የዚህን ዓይነት አባባል ነው። «አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለረጅም ዘመን ኖሯል፤ ምክንያቱም ግሱን በመጨረሻ ያስቀምጣል» ቢባል ደግሞ ማስረጃ ነው። ሁለቱም በየራሳቸው ሊከራከሩላቸው የሚቻሉ ናቸው። ነገር ግን በአንድ ጽሑፍ ውስጥ የመጀመሪያው በገጽ ሦስት፣ ሁለተኛው በገጽ ዘጠኝ ሲገኝ፣ በእንግሊዝኛም ሁለቱም «ቢኮዝ» ተብለው ሲተረጎሙ፣ ክበቡ አይታይም፤ ግንኙነቱ ቅደም ተከተሉን ያስረዳል፣ ቅደም ተከተሉም ግንኙነቱን ያስረዳል። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 የኢትዮጵያን የቋንቋ ቀጠና ባሕርያት በዘረዘረበት ጽሑፍ ላይ ቶስኮ በ2000 የቀጠናውን ህልውና ሲጠይቅ ካነሣቸው ነገሮች መካከል የጋራ ባሕርይ ሁሉ የግንኙነት ውጤት ነው ወይ የሚለው ይገኝበታል። የሰዎቹ ክርክር ከማያያዣ ቃል የመነጨ ነው አልልም። ነገር ግን «ስለ … ነው» ያለበትን ስፍራ ሁሉ ብንጠብቅ፣ ቢያንስ በአማርኛ በተጻፉት ጽሑፎች ውስጥ የትኛው አባባል መንሥኤ እንደሆነ አንባቢ ሳይጠይቅ ያውቃል።

የዝምድና ጉዳይም እንዲሁ ነው። «ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ ምክንያቱም ከሶማልኛና ከአፋርኛ ጋር የሚጋራቸው መሠረታዊ ቃላትና የግስ እርባታ አሉት» ትክክል ነው። «ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ የሆነው እነዚህን ስለሚጋራ ነው» የሚለው ግን ነገሩን ገልብጦታል፤ የሚጋራው የኩሽ ቋንቋ ስለሆነ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ተማሪዎቹ «ምክንያቱን ግለጽ» ስለተባሉ መንሥኤ የተጠየቁ መስሏቸው ነው። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነበርሁ። አሁን «በምን ታውቃለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ አሉታ። «ቋንቋው ለትምህርት ያልዋለው ፊደል ስለሌለው አይደለም» የሚለው አማርኛ ሁለት ትርጉም የለውም፤ ቋንቋው ለትምህርት አልዋለም፣ ነገር ግን ሰበቡ ሌላ ነው። ተርጓሚው አሉታውን ከዋናው ግስ ጋር አድርጎ «ቢኮዝ»ን ከኋላ ቢያስከትል፣ እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ አንባቢ «ፊደል ስለሌለው አልዋለም» ብሎ ይረዳዋል፤ ይህም የዋናው ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይ ነጠላ ሰረዝ ብቻውን አያድንም፤ በ«ኢት ኢዝ ኖት ቢኮዝ» ጀምሮ ክሌፍቱን እንዳለ ማሻገር ነው የሚበጀው። «ዱ ቱ» እና «ኦን ዘ ግራውንድስ ዛት» የሚሉትም የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ የመጀመሪያው ለመንሥኤ፣ ሁለተኛው ሰው ለወሰደው ውሳኔ ለሚሰጥ ምክንያት ነው። ዝናብ «ኦን ዘ ግራውንድስ» አይዘንብም። ጉባኤ ግን በዚያ ተመሥርቶ ማመልከቻ ይጥላል።

ለተማሪዋ ጽሑፍ ዘጠኙንም እርማት በራሴ እጅ መለስሁ። ሰባቱ መንሥኤ ነበሩ፤ በእንግሊዝኛው «ኢት ኢዝ ቢኮዝ» እና «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» እያፈራረቅን አስገባናቸው። አንዱ «ዋናው ምክንያት … ስለ … ነው» የሚል ነበረ፤ እርሱን በንዑስ አንቀጽ ለወጠችው፣ አልተከራከረችም። የቀረው አንድ፣ አንድ መንደር ቀድሞ የቋንቋው ተናጋሪዎች ይኖሩበት እንደነበር ከቦታ ስሞች ተነሥታ የገመተችበት፣ «ስለ … ነው» ባይኖረው የሚሻል ነበር፤ ማስረጃ ነውና። እርሱን ሳልነካው በፊት ጠየቅኋት፤ አንብባ ጥቂት ካሰበች በኋላ ራሷ በ«-ና» ጻፈችው።